ገጹ በአስር ብር

ከፍርድ ቤቱ ማዶ፣ ከባጃጆቹ ተራ፣
ውርስና ፍቺ መጻፍ ነው የእኔ ሥራ፤
ገጹ በአስር ብር።

ቅዳሜ ከሰዓት፣ ችሎቱ ሲዘጋ፣
ሃምሳ አለቃ ሽባባው ይመጣል እኔ ጋ፤
ደብተሩን በፌስታል፣ ፌስታሉን በብብት፣
ደረቱን አጉብጦ ዝናብ እንዳይነካት።

በሰማንያ ሦስት፣ መለዮውን ጥሎ፣
በመተማ ወጣ፤ ሱዳን ከረመ ጉልበቱን ሸቅሎ።
ከዚያ ቻድ፣ ከዚያ ኮንጎ፣ ከዚያም አንጎላ፤
ማን ከማን ይዋጋል ብሎ ሳይጠይቅ ኋላም መጀመሪያም።
የሦስት አገር ባንዲራ ቀለሙ ተምታቶበት
ደሞዝ የሚወጣበት ዕለት ግን አንዴም አልጠፋበት።

ፈረንጁ አዛዥ «ሽባባው» ማለት ቢያቅተው
«ዘጠኝ» አለው፣ በሰልፍ ቁጥሩ።
አሁንም፣ ስልክ ሲያነሳ፣
አንዳንዴ «ዘጠኝ» ይላል፤ ከዚያ ይደነግጣል።

«ቅጥረኛ አትበይ» አለኝ፣ «ወታደር በይው»።
እሺ ብዬ ጻፍኩ።
በልቤ ግን፣ የሚኖርባትን የኪራይ ክፍል አውቃለሁና፣
አጥር የላት፣ በር ላይ ውሻ የላት፣
ቅጥርስ አግኝቶ ነበር፣ አልኩ፤
ቅጥር ነው ያጣው።

ዓሣ አይበላም።
እዚሁ ሽምብጥ ተወልዶ፣ ከጣና ዳር አድጎ፣ ዓሣ አይበላም።
አንድ ቀን «ጉላሽ ልዘዝ?» ብለው ውኃውን አየ።
«ምን በልተው እንደሚወፍሩ አይቻለሁ» አለ።
«እነዚህ የእኛ ናቸው፣ የዚያ ወንዝ አይደሉም» ብለው
«ውኃ ውኃ ነው» አለኝ።
ነፋስ የገፋው አንድ ዘለላ እምቦጭ ዳሩ ላይ ደርሶ ይወዛወዛል፤
«ይኼም ቅጥረኛ ነው፣ ሥሩ መሬት አይነካ» አለ።
ያን ቃል ከአፉ ስሰማ ያን ቀን ብቻ ነው።

መብራት ሲጠፋ ያወራል።
ደብተሩ ላይ የሌለውን።
ጎጆዋ ሲነድ አንዲት ሴት ዘነዘናዋን ብቻ ይዛ እንደወጣች፣
ልብስ አይደል፣ ማሰሮ አይደል።
«ለምን ዘነዘና?» ይለኛል በጨለማው፣
እኔ የማውቅ ይመስል።
መብራቱ ሲመጣ ጉሮሮውን ጠርጎ
«የቱ ጋ ነበርን?»

ስልሳ አንደኛው ገጽ ላይ «አቃጠልኩ» ተሰርዟል፤
በላዩ፣ በሌላ እስክሪብቶ፣ «መንደሩ ተቃጠለ» ይላል።
እንዲህ ያለ ግስ አውቃለሁ። የፍርድ ቤት ደጅ እንጀራዬ ነው፦
ገንዘቡ ጠፋ፣
ድንበሩ ተገፋ፣
ሟች ወደቀ፣ ተገኘ፣ ተቀበረ፤
ጠፊው እንጂ አጥፊው ደጃፌ መች ቀረበ?
ጣቴ ግን «አቃጠልን» ብሎ ጻፈ።
ተሳስቼ ነው አልልም።

አነበበ። ከፈለ። አጠፈና ወጣ።
ሦስት ቅዳሜ አልመጣም።
ጉማሬ ባንድ ሌሊት የጋጠውን የሰው ማሳ ካሳ ስጽፍ፣
አንዴ ከመስኮቱ ቀና ብዬ የእሱን ባርኔጣ ያየሁ መሰለኝ፤
ጥላ ሻጭ ነበር።

በአራተኛው መጣ። ደብተር አልያዘም።
ያችን ወረቀት ብቻ፣ ረጥባ የደረቀች፣ እንደ ቋንጣ የተጨማደደች።
«ይኼን ‹ን› አውጪልኝ» አለ።
«እኛ ማን ነን? አንዱ በወባ ሞቷል፣
አንዱ ገንዘቡን ይዞ አገሩ ገብቷል፤
ክብሪቱ በእኔ ኪስ ነበር።
‹ኩ› በይው።»

ፊደሏን ለወጥኩ። ማተሚያው አጓራ።
ወረቀቱን ሳይቀበል ቆመና
«ለአንዲት ፊደል ስንት ነው?»

በነጻ ልለው ነበር።
ምላሴ ጫፍ ደርሶ ነበር።
«አስር ብር» አልኩት።

በሳንቲም ቆጠረልኝ፣ አንድ ባንድ፣ ጠረጴዛው ላይ፣
ዘጠነኛው ላይ ትንሽ ቆይቶ፣
አስር።
ድፍን ነው፤ መልስ የለውም።